ከልጄ ጋር ያለው ጥሪ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠኝ ቀን
ከቀፎዎቹ ፊት ለፊት፣ አንድ እግሩ ካጠረው ጠረጴዛ ላይ

ይድረስ ለማትጠገቢው ልጄ፣

ደብዳቤ በወጉ ሲጻፍ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ከናፍቆትሽና ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። እናትሽ ከእኔ በስተቀር ደህና ናት። ንቦቹም ደህና ናቸው፤ ማለትም የቀሩት። የቀሩት ያልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ። አሁኑኑ ዘለሽ እንዳታነቢ፤ አውቅሻለሁ።

«ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርከኝም?» ትዪ ይሆናል። ልጄ፣ ስልኩ የእናትሽ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ የምትለብሺውን፣ የምትበዪውን፣ የጎረቤትሽን ሳል ሳይቀር ካጣራች በኋላ ለእኔ የምትተርፈኝ «ባትሪው ሊዘጋ ነው፣ በል ሰላም በላት» የምትባለዋ ሰዓት ናት። በዚያች ሰዓት እኔ «ደህና ነሽ?» እላለሁ። አንቺ «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ። ሁለታችንም ደህና እንደሆንን ይቋረጣል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ደህና ሆነን ቆየን። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ባትሪ የለውም፤ ከእጄ ላይ ነጥቆም «ቆይ አንዴ እኔ ልጠይቃት» የሚለኝ የለም።

ጽፌ ስጨርስ የባህል ቢሮዋ ባለሙያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። (ባለሙያዋ፣ ፎቶ ስታነሺ ዓይንሽ ማረፉ እንደማይቀር አውቃለሁ። የአባትና የልጅ ጉዳይ ነውና አይተሽ እንዳላየሽ እለፊው።)

ባለሙያዋ ማን እንደሆነች ልንገርሽ። ዓምና የባህል ቢሮው «ነባር እውቀት ከነባለቤቱ ከመቀበሩ በፊት ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ» ብሎ ወሰነ። ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው፤ ከነባለቤቱ ከመቀበሩ በፊት። ማስታወቂያውን የለጠፉት ደግሞ እኔ ሁልጊዜ ከምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነው። እኔም ነገሩ ገብቶኝ ወንበር ቀየርኩ። እዚያም ለጥፈዋል።

ለሥራው የድሮውን ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ሰጧት። ድምፅ እንዳይረብሽ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላለች። ካሜራ አላት፣ ኮምፒውተር አላት፣ የሱፍ ኮፍያ የደፋ ማይክሮፎን አላት። ዕድሜዋ ያንቺን ያህል ነው። ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ ነው፣ ሰው ሲናገር ደግሞ አታቋርጥም። ይህ የመጨረሻው ጠባይ በቤታችን የተለመደ ስላልሆነ እናትሽ መጀመሪያ ሰሞን «ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ባለሙያዋ የቀረጸችውን ሁሉ ድረ ገጹ ላይ ትጭነዋለች። «ከዚያስ የት ነው የሚቀመጠው?» ብላት «ደመና ላይ ነው አባባ» አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰውዬ ለካ ከዘመኑ ቀድሞ የተወለደ ባለሙያ ኖሯል!

ማስታወቂያው ከወጣ ወዲህ በከተማችን ነባር እውቀት የሌለው ሰው ጠፋ። ትናንት የተከራየ ሁሉ የጥንት ነኝ ይላል። ፀጉር አስተካካዩ «ጥንታዊ የአንገት አነቃነቅ» ብሎ አስቀረጸ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው፣ ያ የሱሪሽን አንድ እግር አሳጥሮ «ሌላው እግርሽ ነው ያደገው» ያለሽ ሰውዬ፣ «ክርን መርፌ ውስጥ የማስገባት የሰባት ትውልድ ምስጢር» አስቀርጿል። ምስጢሩ ክሩን በምራቅ ማርጠብ ነው። ሺህ ስድስት መቶ ሰው አየለት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አንገቱን በአጥሩ ላይ ብቅ ያደርግና «ጎረቤት፣ ዛሬ ስንት ሰው አየህ?» ይለኛል።

«አንተን አየሁ፤ በቃኝ» እለዋለሁ።

ተራዬ ደርሶ እኔም ሦስት ቀን ተቀረጽኩ። አዲስ ቀፎ ውስጡ በምን ቅጠል እንደሚታጠን፣ ጭስ ሲበዛ ንብ ለምን እንደሚቆጣ፣ ጆሮን ቀፎው ላይ ለጥፎ አውራዋ ንብ ትኑር ትሙት እንዴት እንደሚታወቅ፣ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር የገባሁበት። በኋላ ግን ከየትና የት ያሉ ሰዎች ይጠይቁኝ ጀመር። በረዶ የማይለቀው አገር የሚኖር አንድ ንብ አናቢ ያ ቅጠል እሱ ዘንድ እንደማይበቅል ጽፎ በምን ልተካው አለኝ። ባለሙያዋ እያስተረጎመች እኔም ሽታው ምን ምን እንደሚል እያስረዳሁ ከእሱ ጫካ ዘመዱን ፈለግንለት። በሦስተኛው ሙከራ ንቦቹ ገቡለት። ፎቶ ላከ፤ እሱ፣ ቀፎውና ሚስቱ፣ ሦስቱም ኮፍያ አድርገው። ያን ቀን ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ለልብስ ሰፊው በገዛ ፈቃዴ ሰላምታ ሰጠሁት።

ከዚያ ባለሙያዋ ዝርዝሯን አየችና «እንግዲህ የቀረን ጥሪው ብቻ ነው አባባ» አለች።

ጥሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን ደብዳቤ ነውና ልዘርዝረው። መንጋ ከቀፎው ተነስቶ ሲሄድ፣ ገና አየር ላይ እያለ ከጉሮሮ የሚወጣ ዜማ ነው። ቃል የለውም። ፉጨትም አይደለም፣ እንጉርጉሮም አይደለም። መንጋው ሲሰማው ይዞራል፣ ዝቅ ይላል፣ ባዶ ቀፎ ይዞ ወደቆመው ሰው ይመጣል። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ፣ ከእኔ ለአንቺ። ሕጉም አንድ ነው፤ በአንድ ቤት ሁለት ጠሪ የለም። የሰጠ ሰው አፉን ይዘጋል። ሁለት ሰው ከጠራው መንጋው ለሁለት ይከፈላል፣ ለሁለት የተከፈለ መንጋ ደግሞ ክረምት አይሻገርም ይባላል። አባቴ ለእኔ ካስረከበኝ በኋላ ሃያ ዓመት ኖሯል፤ አንዴም አላሰማም። እኔ ተሳስቼ ስጠራ እንኳ ከንፈሩን ነክሶ ሰማይ ሰማይ ያይ ነበር።

አንቺ የተቀበልሽው በአሥራ ሰባት ዓመትሽ ነው። መንጋው የትምህርት ቤቱ ደወል ላይ ያረፈ ዕለት። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ «ቶሎ በይ እንጂ ልጄ!» ሲልሽ ሳትቸኩዪ ጠራሽ። መሀሉ ላይ ድምፅሽ ተሰነጠቀ፤ ንቦቹ ግን መጡ። ያን ቀን እኔ አፌን ዘጋሁ። ሁለት ዓመት ቆይተሽ ሄድሽ። ለትምህርት ነው ተባለ፣ ለአራት ዓመት ነው ተባለ። አራቱ እንዴት አሥራ አንድ እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።

ማንቆርቆሪያው ሊፈላ ሲል ድምፁ የጥሪውን መጀመሪያ ይመስላል፤ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? እኔ ወደ ዜማው ሁለተኛ ክፍል ከመሻገሩ በፊት ተነስቼ አወርደዋለሁ። በዚህ የተነሳ አሥራ አንድ ዓመት ለብ ያለ ሻይ ጠጥተናል። እናትሽ ጥፋቱን በምድጃው ላይ ታሳብባለች።

ለባለሙያዋ ታዲያ እውነቱን ነገርኳት።

«ጥሪውን ዛሬ እንቅረጸው?»

«የለም።»

«ነገስ?»

«ነገም የለም። እዚህ የለም። ልጄ ጋ ነው ያለው።»

«እርስዎ ግን ያውቁታል፣ አይደል?»

«አውቀዋለሁ። የኔ ግን አይደለም።»

ይህን ጊዜ እናትሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «ኧረ አንዴ በለውና እንገላገል! ንቦቹ ፍርድ ቤት ያቆሙሃል?»

«ቃል ነው» አልኳት።

«ጣራውን ዘንድሮ አስጠግናለሁ ያልከውም ቃል ነበር።»

ጣራውንና ጥሪውን ምን አገናኛቸው ብላት «ሁለቱም ሲያፈሱ አንተ ቆመህ ታያለህ» አለች።

ባለሙያዋ ለአንቺ ሁለት ጊዜ መልእክት ልካልሽ ነበር አሉ። መልስ እንዳልመጣ የነገረችኝ እየፈራች ነው። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልኩ። እናትሽም በዚያው ቅጽበት «ሥራ በዝቶባት ነው» አለች። ከተጋባን ወዲህ በአንድ ነገር ስንስማማ ሁለተኛችን ነው። የመጀመሪያው ያንቺን ስም ስናወጣ ነበር።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልምጣ። ኮምፒውተሯ ላይ ለእያንዳንዱ እውቀት አንድ ሳጥን አለ፤ ስትነኪው ሦስት ቃል ይዘረግፋል። «አለ»፣ «አደጋ ላይ»፣ «ጠፍቷል»። ከሦስቱ አንዱን ካልመረጡ ገጹ አይዘጋም። «አለ» ለማለት ድምፁ መኖር አለበት። ለ«አደጋ ላይ» እንኳ ቢያንስ የአሥር ሰከንድ ድምፅ ይጠየቃል። የቀረው «ጠፍቷል» ነው።

«ልጄ አልጠፋችም» አልኳት።

«ልጅዎን አይደለም እኮ አባባ፣ ጥሪውን ነው።»

«አብረው ነው የሄዱት።»

ባለሙያዋ «ታዲያ ምን ይባል?» አለች። «ውጭ ነው፣ ይመለሳል» የሚል አራተኛ ቃል ይጨመርልኝ ብዬ አመለከትኩ። እሷም አልሳቀችም፤ በትክክል ጽፋ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከችልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ባለ ማህተም መልስ መጣ። «በአመልካቹ የቀረበው 'ውጭ ነው፣ ይመለሳል' የተሰኘው አማራጭ በሥርዓቱ የማይደገፍ መሆኑን እየገለጽን፣ ድምፁ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ ገጹ 'ጠፍቷል' ተብሎ የሚዘጋ መሆኑን እናሳውቃለን።» ይኸውልሽ። ናፍቆቱን በማመልከቻ አቅርቦ «አይደገፍም» የተባለ ሰው ከእኔ በፊት ነበረ ብለሽ ነው?

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ባለሙያዋ ቅጠሎቹን ልትቀርጽ መጥታ ማይክሮፎኑን ደረቴ ላይ እንደሰካችልኝ ከጥግ ያለው ቀፎ ተነሳ። አንቺ በልጅነትሽ እጅሽን ቀይ ቀለም ነክረሽ ያተምሽበት። መጀመሪያ እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ፣ ከዚያ ወጡ፣ ከዚያ ከጓሯችን በላይ ያለው ሰማይ ጠቆረ። ባለሙያዋ ካሜራዋን ደቀነችና «አባባ፣ አሁን!» አለች። እናትሽ ጭልፋዋን እንደያዘች ከበር ላይ «አሁን በላ!» አለች። ልብስ ሰፊው አጥሩ ላይ ወጥቶ «አሁን እንጂ ጎረቤት!» አለ። እኔ ባዶ ቀፎ ታቅፌ አፌን ከፈትኩ።

ከፈትኩ እንጂ አላወጣሁም። ጉሮሮዬ ደርሶ ነበር፤ እዚያ እንደደረሰ ይሞቃል፣ ታውቂዋለሽ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩት። መንጋው ከልብስ ሰፊው ጣራ ላይ ካለው አንቴና ላይ ተንጠልጥሎ እስከ እኩለ ቀን ቆየ። ንብ እንዲህ ሰው ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ተነስቶ በወንዙ በኩል ሄደ። እኔም ቤት ገብቼ እጄን ታጠብኩ፤ አንዲት ንብ ሳልነካ።

ቪዲዮው ድረ ገጹ ላይ ተጫነ። እስካሁን ከተጫነው ሁሉ የበለጠ ሰው ያየው እሱን ነው። ማይክሮፎኑ ለእኔ አፍ እንጂ ለንቦቹ የተሰካ ስላልነበረ፣ የሦስቱንም «አሁን!» ባለሙያዋ ስለቆረጠችው፣ ምንም ድምፅ የለበትም። አስተያየት የሰጠው ሁሉ ታዲያ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ «ድምፁ አይሰራም።» «እባካችሁ ድምፁን አስተካክሉ።» አንዱ ጥፋቱ የስልኩ መስሎት ሁለት ጊዜ አጥፍቶ አብርቷል። ምስኪኗ ባለሙያ «ድምፁ ይሰራል፤ ሰውየው ናቸው ዝም ያሉት» እያለች ለእያንዳንዱ ስትመልስ ዋለች። ያ የበረዶው አገር ሰው ብቻ «ባልሰማም ሁለት ጊዜ አየሁት» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው በአጥሩ ብቅ አለ። ስንት ሰው እንዳየኝ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ምላሴን ስስል «ጎረቤት፣ አንቴናዬ ላይ ትንሽ ሰም ቀርቷል፤ ልጥረገው ወይስ ይቆይ?» አለኝ።

«ይቆይ» አልኩት።

ቴሌቪዥኑ ከዚያ ቀን ወዲህ እየተንጫጫ ነው። አልጠረገውም። ሰውየው ሰው ነው ለካ፤ ሱሪሽን ይቅር ብዬዋለሁ።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው ልጄ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ስልክሽን አፍሽ አጠገብ ይዘሽ አንዴ በዪውና ላኪው። አሥር ሰከንድ ነው። የቤትሽ ግድግዳ ስስ ነው፣ ጎረቤት ያማርራል ብለሽ ነበር፤ ትራስ ውስጥ በዪው፣ መኪና ውስጥ በዪው። ድምፅሽ መሀሉ ላይ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፤ ገጹ ላይ ከነስንጥቁ ይቀመጣል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው በተረፈችኝ ሰዓት «ደህና ነሽ?»ን ትቼ «ጉሮሮሽስ እንዴት ነው?» ብዬሽ ነበር። አንቺም «ተሽሎኛል አባዬ፣ ጉንፋን ነበር» አልሽኝ። እኔም «ትኩስ ነገር ጠጪበት» አልኩ፤ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ጉንፋን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ምንም ማለቴ አይደለም። ጉንፋን መጥፎ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ለሕጉ ሙሉነት ያህል አንድ አንቀጽ ልጨምርልሽ። ብዙም አስፈላጊ አይደለም። ጥሪውን የተቀበለ ሰው ድንገት ቢረሳው፣ ሰው ነውና ሊረሳ ይችላል፣ የሰጠው ሰው ዳግም አፉን እንዲከፍት ይፈቀድለታል። ይህ ግን በስልክ አይሆንም። በኢንተርኔትም አይሆንም። የረሳው ሰው ራሱ በእግሩ መጥቶ፣ ቀፎው አጠገብ ቆሞ፣ «አባዬ፣ ረሳሁት» ማለት አለበት። የረሳ አይወቀስም። ለምን ቆየህ ተብሎ አይጠየቅም። እናቱም ብትሆን ስለ ክብደቱ አስተያየት መስጠት አትችልም። እንደገና እስኪይዘው ድረስ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይሰጠዋል፤ ቢዘገይ አይከፋም።

ይህን ስጽፍ ለካ እናትሽ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ ታነብ ኖሯል።

«ይሄ ሕግ ደግሞ መቼ ወጣ?» አለች።

«የጥንት ነው።»

«አባትህ እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬያለሁ።»

«አንቺ በሌለሽበት ነው የነገረኝ።»

እናትሽ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አንስታ በሻርፗ ጫፍ ጠራረገችና መልሳ አደረገችልኝ።

«በል እንግዲያ በደንብ አድርገህ ጻፈው» አለች። «እውነት እንዲመስል። ቁጥርም ስጠው።»

ስለዚህ አንቀጽ ሰባት ነው። ካስታወስሽው ላኪው፤ እኮራብሻለሁ። ከረሳሽው ግን አንቀጽ ሰባትን ተመልከቺ።

ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ፤ የቆምሽበት በር ሁሉ ሳታንኳኪ ይከፈትልሽ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይንና ከጉንፋን ይሰውርሽ። እናትሽ «አሜን በልልኝ» ብላለች፤ ይኸው አሜን።

አፉን የዘጋው አባትሽ